ቀረጻ በሰባተኛው ፉርጎ

«ጸጥታ!» አልኩና ስልኬን ከፈትኩት፣
ፍየል «ምዔ!» አለች፤ ያንን ሰረዝኩት።
ደግሜ ስጀምር ባጃጅ ከከዚራ
ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ በተራ፤
ሦስተኛው ላይ አዛን፤ ዝም ብለን ቆየን፣
ላባችን ሲንጠባጠብ እየተያየን።
ድሬ በሚያዝያ፣ ቀትር ላይ፣ ከፉርጎ
ስድስት ልጅ ታጭቋል ጸጥታን ፈልጎ።
መስኮቱን ዘግተናል በጆንያ፣ በጨርቅ፤
ንፋስም ይጠብቅ ተረቱ እስኪያልቅ።
እኔ ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ መጋላ ሱቅ ያለኝ፤
ድራማ የት አውቄ! ልጆቹ ጎትተው አመጡኝ።

ሂቦ የአሸዋ ንግሥት፤ ከወንዙ ሥር ያለች፣
ደቻቱን እንደ ሰሌን ጠቅልላ የያዘች፤
የባቡሩን ፉጨት ሰርቃ፣ በቅል ከታ፣
ባቡሩ ተኝቷል ከዚያች ክፉ ማታ።
ኢብቲሳም ድመት ናት፤ ከሐረር ለእረፍት
አክስቷ ጋ መጥታ ያገኘናት በድንገት፤
በጀጎል ግንብ ላይ ሌሊት የምትሄድ፣
የአምስቱን በር ወሬ ይዛ የምትወርድ።
ሂርጳ ግመል ሆነ። «ግመል አያወራ!»
ብንለው፣ «የኔ ግን ይችላል» ብሎ ኮራ፤
በኦሮምኛ ነው ደግሞ የሚያወጋው፣
«ትርጉሙስ?» ብለው፣ «ግመሉን ጠይቀው።»
ስንሻው ነፋስ ነው፤ ጥርሱ ስለወለቀ
በክፍተቱ ያፏጫል፣ ተናገረም ሳቀ።

ሀንፈሬ፣ ዓይኑ የማያየው፣
ማን እንዳለ፣ ማን እንደቀረ በትንፋሻችን የሚቆጥረው፣
መሪ ልሁን አለ።
«ተረቱ ጨለማ ውስጥ አይደል? እንግዲያው እኔን ተከተሉ፤
ራዲዮ ላይ ማንም አያይም፤ እኩል ናችሁ ሁሉ።»

ሸምሱ ብቻ ቃል የለውም። ራሱ ነው «ይቅር» ያለ፣
የገዛ ስሙ በር ላይ ምላሱ ስለዋለ።
ሰፌድና ምስር ሰጠሁት፣ ዝናብ እንዲሆን፤
ሲነቀንቀው ሂቦ ደነገጠች፦ «ቀስ በል! ጎርፍ አይሁን!»
እናቷ የነገረቻት ሌሊት ትዝ ብሏት፣
ደቻቱ አልጋና በር ይዞ ያለፈበት።
ሸምሱም አለዘበው፤ ምስሩ በጣቱ ሥር
ቤት የማይወስድ ዝናብ ሆነ፣ አቧራ ብቻ የሚያስር።

እንግዲህ መጨረሻው፦ ንግሥቲቱ ተጸጽታ
ቅሉን ትከፍታለች፣ ፉጨቱን ልትፈታ።
ባቡሩ ግን አይነቃም። ይጠሩታል በየተራ፤
ሂቦ «ካላይ!»፣ ሂርጳ «ኮቱ!»፣ ድመቷም በሐረርኛ ስትጣራ፣
ስንሻው «ና!»
ከዚያ የባቡር ድምፅ ከሌላ ስልክ ይለቀቃል፤
እንዲያ ነበር ዕቅዱ። ስልኩ ግን ጠፋ። ባትሪው አልቋል።

ዝም።
ዝም።
ላብ ስትወድቅ ትሰማለች።
ያኔ ከጥግ አንዲት ፊደል ወጣች፤

«ባ…»
«ባ… ባ…»

ሸምሱ ነው። ተነስቷል። ባቡር ሊል፣ ቃሉ እምቢ ብሎታል፤
እጄ ወደ ማቆሚያው ሄደ፣ አፍሬለት። ሀንፈሬ ክንዴን ይዞታል።
«ተወው» አለ በሹክሹክታ። «አትሰማም? እየሄደ ነው።»
«ባ–ባ፣ ባ–ባ፣ ባ–ባ–ባ–ባ…» ወለሉን በእግሩ አጀበው፣
ኢብቲሳም ሰፌዱን ነጥቃ ሐዲድ አድርጋ ነቀነቀችው፣
ስንሻው በጎደለ ጥርሱ ፉጨቱን ለቀቀው፣
«ባባባባባ…ቡር!»

ፉርጎው ተንቀሳቀሰ ብላ ሂቦ ትምላለች።
እኔ አልምልም። መንኰራኩሩ ሥር አሸዋ ነው፤ ቁጥቋጦ በቅሎበታል።
ጥላው ግን፣ ስንወጣ፣ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሏል።
«የፀሐይ ሥራ ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝ።

የቀዳሁትን ሳሰማቸው ሸምሱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ፤
«ይ… ይ… ይኼ እኔ ነኝ?»
«አንተ ነህ። ባቡሩ።»
አሰበበት። አሰበበት።
«ደ… ደ… ደግመን?»

«ጸጥታ!» አልኩ፣ ስልኬን ከፍቼ።
ፍየል «ምዔ!» አለች፣ ከሐዲዱ ማዶ።
አልሰረዝኳትም።
ሀንፈሬ አንገቱን አዘንብሎ ትንፋሽ ቆጠረና
«ሰባት ሆነናል» አለ።