የይለፍ ቃል

ነሐሴ ነው ጅማ። ቆርቆሮው ያወራል፣
ከአወይቱ ማዶ ነጎድጓድ ይዞራል።
እኛ ሃምሳ መምህር፣ ካልሲያችን የራሰ፣
ባጃጅ ያጨቀየን፣ ጃንጥላው የፈረሰ፣
ለስልጠና ተጠርተን አዳራሽ ገብተናል፣
ለአስራ አንድ ኮምፒውተር ሃምሳ ሆነን ቀርበናል።
(ሦስቱ አይነሱም። አንዱ ይነሳና
ስሙን እስኪያስታውስ ይተኛል እንደገና።)

«አሰልጣኟ መጣች» ሲሉ ቀና አልኩኝ፤
ባየኋት ቅጽበት ወንበር ፈለግሁኝ።
ሪሐና ናት። ያቺ፣ አስረኛ «ለ» ክፍል፣
በደብተሯ ጠርዝ ላይ ወፍ የምትስል።
ስለ ስምጥ ሸለቆ እያስረዳሁ ሳለ
ከጭኗ ላይ ብርሃን ብልጭ ብልጭ አለ።
«አምጪ!» አልኳት። ሰጠች። ቁልፉ የተላጠ፣
በላስቲክ የታሰረ፣ ክዳኑ ያመለጠ።
ከጠመኔው ካርቶን መሳቢያ ውስጥ ጥዬ
ቆለፍኩት፣ «ነገ ወላጅ ይዘሽ ነዪ» ብዬ።

ወላጅ አልመጣም። እሷም አልጠየቀች።
ዓመቱም አለቀ፤ አለፈች፣ ዘለቀች።
የመሳቢያው ቁልፍ ግን ኪሴ ውስጥ ይኖራል፣
ከሳንቲም ሲጋጭ አንዳንዴ ይናገራል።

«ቲቸር!» አለች ስታየኝ። ሌላ አልጨመረች።
እንደ ሌላው ሁሉ አንድ ታብሌት ሰጠች።
ነካሁት። ዝም አለ። ደግሜ ነካሁት።
መልስ እንደጠፋው ልጅ ቆሜ ጎተጎትኩት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ የበላው
ሌባ ጣቴን ስክሪኑ ሰው ነው አላለው።
(ሌባ ጣት ያሉትን ያን ቀን ተረዳሁ፣
የሰው ዕቃ ቆልፌ ከሰው ልማር ወጣሁ።)
«ያርጥቡት፣ ቲቸር፤ ደርቆ ነው» አለችኝ፣
የፈተና ወረቀት ስገልጥ እንዳየችኝ።

ከዚያ ስለ ደመና። «የላካችሁት ፋይል
ደመናው ላይ ይኖራል፣ አይጠፋም» ስትል፣
«የጅማ ደመና» አለ ከሊፋ ከኋላ፣
«አይደል እንዴ ሚያፈስ የሰጡትን ሁላ?
የልጆቹን ውጤት አዝንቦት ቢያድር
ማን ሊለቅምልኝ ነው ከአወይቱ ዳር?»

ሳቅን። እሷም ሳቀች። ወዲያው መብራት ጠፋ።
የአዳራሹ መስኮት ግራጫውን ተፋ።
ከዴዶ የመጣው ተማም፣ «ይኸው» አለ፣ «በሉ!
የኛ ትምህርት ቤት ይኼን ይመስላል በሙሉ።
ለአንድ ቻርጅ ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር
ደመና ላይ ልወጣ? በየትኛው በር?»

መልስ አልነበራትም። ግን ደግሞ አልቆመች፤
ጠመኔ ፈለገች።
ኪሴ ውስጥ ነበረኝ። ተቀብላኝ ሄደች፣
በጥቁር ሰሌዳው ላይ፣ በረድፍ በረድፉ፣
የኮምፒውተሩን ቁልፎች ሣለች እስከ ጫፉ።
አንዷን «ሀ» ለመጻፍ ሁለት የባዕድ ፊደል፣
«ሁ»ን ለማግኘት ሌላ፤ ሁሉም ይገለብጣል።
እኔ ግን ያየሁት የእጅ ጽሑፏን ነው፤
እግሩ ወደ ግራ የዘመመ «ጸ» አለው።
የኔ «ጸ» ነው። የኔ። ከየት አመጣችው?
ወፍ ስትስል መስሎኝ፣ ለካ ስትቀዳው።

በማግስቱ መብራት ነበር። «የይለፍ ቃል አውጡ፤
ስም አይሁን፣ ልደትም። ለማንም አትስጡ።
የማትረሱትን።» እኔ? እኔ የማልረሳው?
የልጄን ልደት እንኳ ሚስቴ ናት ምታነሳው!
ጣቴን አርጥቤ ግን ቀስ ብዬ ጻፍኩኝ፦
አስረኛ «ለ»፣ ቁጥር ሠላሳ አራት አልኩኝ።
ማሽኑ «ጠንካራ ነው» አለኝ፣ አረንጓዴ።
እሷ ከጀርባዬ፦ «ቲቸር፣ ቻሉት እንዴ?»
ስክሪኑ የሚያሳየው ጥቁር ነጥብ ነበር፤
እሷን ከእሷ ደብቆ፣ በነጥብ ድርድር።

ዓርብ ማብቂያው ሆነ። የምስክር ወረቀት፣
ፎቶ፣ ጭብጨባ፣ ለስላሳ፣ ብስኩት።
ሰው እስኪበተን በሩ ጋ ቆየሁ፣
በመሐረብ የጠቀለልኩትን ዘረጋሁ።
ባትሪው አብጧል። ላስቲኩ ተበጥሷል። ዝም።
ሌሊቱን ያጠናሁት ከአፌ አይወጣም።

አገላበጠችው። አቧራውን እፍ አለች።
እንደ አስረኛ ክፍል ልጅ ቀጥ ብላ ቆመች፦
«ቲቸር» አለች፣ «ታዲያ…
ወላጅ ላምጣ እንዴ?»