የክሌም አፍንጫ

ክሌም ሲሞት መኪናው አላለቀም ነበረ፤
ሽቦው እንደ አንጀት ተዘርግፎ፣ በአራት ግንድ ላይ ቆሞ ቀረ።
ያለቀው ከፊቱ ብቻ፣
በአሸዋ ከረጢት ላይ፣ በእንጨት መዶሻ፣
ሁለት ክረምት ሙሉ የቀጠቀጠው የአልሙኒየም አፍንጫ፤
ዝቅ ያለ፣ ሹል ያለ፣ እንደ ዓሣ ግንባር የጠራ፣
ጎረቤት ቆሞ የሚያየው፣ ፀሐይ ስትወርድ የሚያበራ።

ኖሪን ጨረሰችው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳው እጇ
የፍሬኑን አየር አስወጣ፣ ሽቦውን ሰበሰበ፤ ነዳጅ ሸተተ ደጇ።
ራዲያተሩን ከአፍንጫው ሥር አጋድማ አሰረችው፣
ውሃው ከኋላ ሞተር በሁለት ቱቦ፣ በወንበሯ ግራና ቀኝ፣ እየሮጠ እንዲደርሰው።

በጥር፣ በብሮክን ሂል፣ ጥላ ራሱ ጥላ ሲፈልግ፣
«እስቲ ተከተለኝ» አለችኝ፣ «መኪናህን አስነሣ፣ ሬግ።»
ወደ ሲልቨርተን ስንወጣ፣ ገና ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣
ጠቋሚው ቀዩን አለፈ፤ እንፋሎት ተነነ ወደ ሰማይ።
ዳር አስይዛ ወረደች። አልተሳደበች፣ አላዘነች፤
ባርኔጣዋን አውልቃ ለራዲያተሩ አራገበች።

እኔ ምክር መች አጥቼ! «ትልቅ ፋን ግጠሚ» አልኳት፤ ገጠመች፤ ፈላ።
«ራዲያተሩን አወፍሪው» አልኳት፤ አወፈረች፤ ፈላ።
«እንግዲያስ ከመስታወቱ ግርጌ ሰፊ ቀዳዳ ይከፈት፤ የለውም መላ ሌላ።»

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ፣
ቀይ የሹራብ ክር አመጣች፣ ጣት ጣት አህሎ ተቆርጦ፣ በሻይ ጣሳ ሞልታ፤
በፕላስተር፣ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ መስታወቱ፣
አንድ በአንድ ለጠፈችው፤ ኩፍኝ የወጣበት መሰለ ፊቱ።

«መንገዱ ባዶ ነው» አለች፤ «ከጎኔ ነድተህ ክሩን ብቻ ተመልከት።»
ሰማንያ ገባን። ዘጠና። ነፋስን በዓይኔ አየሁት።

እኔ ይቀደድ ያልኩበት፣ ከመስታወቱ ሥር ያለው ክር፣
ወደ ኋላ መተኛት ትቶ፣ ወደ ፊት ዞሮ ሲዳክር፤
ነፋሱ እዚያ ተጨናንቆ መስታወቱን ገፍቶ ቆሟል፤
ቀዳዳ ቢያገኝማ፣ ከውስጥ መሳቡ ቀርቶ፣ ይብሱን ወደ ውስጥ ይገባል።
ከአፍንጫው ጫፍ ስንዝር አልፎ ግን፣ ጉብታው በሚጀምርበት፣
ክሩ ሁሉ ብድግ ብሏል፣ ሽቅብ እንደሚስበው አንዳች ጉልበት።

ለካስ መግቢያ አላነሰውም፤ አፉማ ሰፊ ነበረ፤
ገብቶ፣ ግሎ፣ መውጫ አጥቶ፣ ከራዲያተሩ ጀርባ ታፍኖ ነው የቀረ።
እንግዳ ሞልቶ በር ዘግቶ፣ ቤቱ ሞቀ ብሎ ማማት፤
የእኛም ሥራ ይኸው ነበር፣ ፋን በፋን ላይ መደረት።
እኔ ደግሞ! ሃያ ስድስት ዓመት በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የአየር መንገድ ጠባቂ ነበርኩ፤
መግቢያ ካለ መውጫ እንዲኖር የማውቅ ሰው፣ ከአንዲት መኪና ፊት ደነቆርኩ።

ክሩ የጠቆመው ቦታ ግን ከሁሉ የሚያምረው ነው፤
ክሌም በመጨረሻው ክረምት፣ ሳሉን እያፈነ፣ በመዳፉ የዳበሰው።
ሦስት ቀን ዞረችው። በአራተኛው «እኔ ልቁረጥልሽ?» ብላት፣
«እሱም ቢኖር ይቆርጠው ነበር» አላለችም፤ እንደዚያ ያለ ወሬ አይሆንላት።
«ያምራል» አለች፤ «ግን ይፈላል።» ከዚያ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ መቁረጫ፤
ጩኸቱ መንደሩን አናወጠ፤ ተከፈተ የክሌም አፍንጫ።
በራዲያተሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በስፖንጅ ደፈንን፤
ነፋሱ በአቋራጭ እንዳያመልጥ፣ ሌላውን መንገድ ሁሉ ከለከልን።

አርባ ሦስት ዲግሪ ነበር። መቶ አሥር ነዳች፤ ጠቋሚው ዘጠና ላይ ተተከለ፤
ሲልቨርተን ስንደርስ እጄን ከመውጫው በላይ ዘረጋሁ፤ ታፍኖ የቆየ ሰው የተነፈሰ መሰለ።

የተቆረጠው ላሜራ ጓሮ ነው፤ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ፣
የዶሮዎቿ የውሃ ገበታ ሆነ።
ማለዳ ማለዳ ትሞላዋለች።
ክሌም የቀጠቀጠው ነው፣ አንድ ጠብታ አያፈስም፣ ትላለች።