የንፋስ ልክ

ሃያ ሁለት ሜትር፥ በአንዲት ሰከንድ፤
ይኸው ነው የተጻፈው፥ ለአገሩ ሁሉ አንድ።
ለባሌም ለጎሬም፥ ለጅማም ለአዳማ፥
አንድ ቁጥር ቆረጠ፥ አንድ ንፋስ ሳይሰማ።
ሰንጠረዡን በቃሌ፥ እንደ ዳዊት ደግሜ፥
ስንት ወረቀት ላይ፥ ተፈርሟል ስሜ።

ዛሬ ግን ቆሜያለሁ፥ ከከተማው ጠርዝ፥ ከገደሉ አፋፍ፥
አቧራ እንደ ሰው ቆሞ፥ በፊቴ ሲያልፍ፤
ነጫጭ የመብራት ክንፎች፥ በማዶ ከጋራው፥
ሲዞሩ አያቸዋለሁ፥ ሳያርፉ በየተራው።

ሥራው መጋዘን ነው፥ የስንዴ ማደሪያ፤
ተገዝቶ ተቆልሏል፥ ቆርቆሮና ማሰሪያ።
ስሌቱ አራት ይላል፥ በየቋሚው እግር፥
አራት ቡሎን ብቻ። ደንቡም አይከራከር።

ኦቦ ቱፋ አናጢው፥ ምስማር በከንፈሩ፥
ግራሩን አሳየኝ፥ ጎብጦ ከነሥሩ፦
«ይህ ዛፍ ልጅ ሳለ፥ ቀጥ ያለ ነበረ፤
ማን እንዳጎበጠው፥ ቁጥርህ መች ነገረ?
ከሁለቱ ጉብታ፥ መሃል ተጨምቆ፥
ይመጣል በመጋቢት፥ በሌሊት ተደብቆ፤
አምና የጎረቤቴን፥ ጣሪያ ገፈፈ፤
አስፋልት ተሻግሮ፥ ሽንኩርት ላይ አረፈ።»

«ስድስት ይሁን» አልኩኝ።

ወይዘሮ አሰገደች፥ የመጋዘኑ ባለቤት፥
ፎቶኮፒውን ዘረጋች፥ እኔው የሰጠኋትን።
«ልጄ፥ አራት ይላል፥ በቀይ ያሰመርከው፤
ሕግ ለክቶ የሰጠውን፥ አንተ ማነህ ምትለካው?»

ያልነገርኳት አለ።
የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፥ በወንጂ መንገድ ላይ፥
ለአንድ ጋራዥ ጥላ፥ ደንቡ ስድስት ሲለኝ፥
«እኔ ዐውቃለሁ» ብዬ፥ ሁለቱን ቀነስኩኝ።
እንዲሁ በዐይኔ ነው፤ በልምድ፤ በግምት፤
ጣሪያው ተነሣ፥ በግንቦት፥ እኩለ ሌት።
ዘበኛው ነፍሱ ተረፈ፥ ለሽንት ወጥቶ ነበር፤
እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ፥ ሰላም ይለኛል በክብር።

ያኔም «ዳኝነት» ነበር፥ የሰጠሁት ስም፤
ዛሬም ዳኝነት እላለሁ፥ ቃሉ አልተለወጠም።
ምን ለያቸው ታዲያ? ያኛው ወዳጅ አፈራ፤
ይኸኛው ያስቆጣል፥ ሳይጀመር ሥራ።
ይኸው ብቻ ነው ልዩነቱ?
እንጃ።
ደንቡን የጻፉት ሰዎች፥ ይህን ግራር አያውቁም፤
እኔን መሰሉን ግን፥ ሳያውቁ አልቀሩም።

ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ስድስት ጻፍኩበት፤
ከጎኑ ምክንያቱን፤ ከሥር ስሜን ከነአባት።
«ልክ ነህ» አለኝ ቱፋ። ዞር አልኩ ወደ ጋራው፤
ልክነቴን ሳይሆን፥ ልኩን ነው የምፈራው።

ወይዘሮ አሰገደች፥ የመኪናዋን በር ዘጋች፤
«ትርፉን አንተ ክፈል» ብላኝ ተነሣች።
ሠላሳ ሁለት ቡሎን።
በስልኬ አባዛሁት፤ የወር ኪራዬን ያህላል።

ቱፋ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት አነሣ፥
ለቆ ሊያሳየኝ፥ ወዴት እንደሚነፍስ።
ገና ሳይለቀው ሄደ።