ራስ የሌለው ዓሣ

ማቶዚንዮሽ ወደብ አጠገብ፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
እንደ ጣውንት ጎን ለጎን ሁለት ማሽን የሚኮራረፉበት፣
እኔ ኦቲሊያ አለሁ፣ ዳኛም ገላጋይም ሆኜ፣
የሰው ደም በበረዶ አቅፌ፣ ዓይኔን «ጥቂት ቆይ» ብዬ ለምኜ።

የዛሬው ብልቃጥ የዶና ዙልሚራ ነው፤
አርባ ዓመት ሰርዲን ስታሽግ ጣቷን ጨው የበላው።
ዘንድሮ ከኩላሊቷ ጠጠር ሁለት ጊዜ ወጣ፤
የጎድን አጥንቷን ሳል ሰበረው፤ እንቅልፍ ሄደ፣ ድካም መጣ።
ጎረቤቶቿ «እርጅና ነው» አሉ።
እርጅና የማይሸከመው ጥፋት የለ!

ካልሲየሟ አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት፤ ከልክ አልፏል።
አሮጌው ማሽን ሆርሞኗን ሰባ ሁለት ብሎ ጽፏል፤
ጣሪያው ስልሳ አምስት ነውና «ጥፋተኛ» ማለቱ ነው።
አዲሱ ግን አርባ አንድ አለ፤ በሱ ወሰን ንጹሕ ነው።

አንድ ደም፣ አንድ ብልቃጥ፣ ሁለት ቃል።
ማን ይታመናል?

ደም ልቀዳላት ዳግም ስትመጣ ላስረዳት ሞከርኩ፦
«ሆርሞኑ ሰማንያ አራት ዶቃ ያለው ክር ነው።
አሮጌው ማሽን ከፊቱ ስድስት ዶቃ የረገፈበትንም
ሙሉ ነው ብሎ ይቆጥራል።
አዲሱ የመጀመሪያዋን ዶቃ ካልጨበጠ አያምንም።
ኩላሊትሽ ደግሞ ደክሟል፣ ስብርባሪውን ቶሎ አይጠርግም...»
ሳቀች።
«ልጄ፣ የስንቱን ሰርዲን ራስ ቆርጫለሁ!
ቆርቆሮ ውስጥ ያለውም ዓሣ ይባላል፣ አውቃለሁ።
ግን ባሕር ብትመልሺው ይዋኛል?»

አልመለስኩም።
አዲሱ ማሽን ትንሽ የኮራ መሰለኝ።

ዶክተር ባልታዛር ሁለቱን ወረቀት ዘረጋ።
«የቱ ነው ልክ?» አልኩት።
«ጥያቄሽ ነው ልክ ያልሆነው።
ለቅሶ ቤት ገብቶ በልኩ የሳቀ ሰው
በልኩ ስለሳቀ ይመሰገናል?
ደሟ በካልሲየም ተጥለቅልቆ ሳለ
ያ እጢ ዝም ማለት ነበረበት።
አርባ አንድም ሳቅ ነው።»

ማክሰኞ አንገቷ ተከፈተ።
አራት እጢ፤ ሦስቱ ምስር የሚያካክሉ፣
አራተኛው ባቄላ።
ባቄላው በወጣ በአሥር ደቂቃ
ብልቃጡ በሩጫ ወረደልኝ።
አርባ አራት የነበረው፣ ስምንት።
ስልኩን አንስቼ «ስፉት» አልኩ።
አሮጌው ማሽን ገና እየቆጠረ ነበር፣
የሞቱትን ጭምር።

በሳምንቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ደረሰኝ፦
አንድ ሰርዲን፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ራሱ በቦታው።
ጋዜጣው ጠርዝ ላይ፣ በእርሳስ፣
«ይኼንን ቁጠሪው።»