ደረት ያለው ድምፅ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአስፋልቱ ማብቂያ ወዲያ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ነፋሱ የጤፍ ማሳ ጠረን ይዞ በመስኮት የሚዘልቅ።
ቴሌቪዥን ገዛሁ፤ ስስ፣ ቀጭን፣ እንደ መስታወት።
አባቴ አየና፣ "ምስሉስ ደግ ነው፤
ድምፁ ግን የለውም ደረት።"

ደረት! እንዲህ ነው የሚናገር ጋሽ ቢረሳው፣
ሃያ ስድስት ዓመት ካሴት ሲገለብጥ የኖረ ሰው።
ሱቁ ሲፈርስ መደርደሪያውን ለጎረቤት ሰጠ፤
አምፕሊፋየሩን ግን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ
በጭኑ ታቅፎ አይሱዙው ጋቢና ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃው አልጋ ሥር ነበር።
አባቴም፣ እውነቱን ለመናገር፣
ሶፋው ጫፍ ላይ ነበር፤
ጃኬቱን ሳያወልቅ፣
"ልነሣ እንግዲህ" እንደሚል እንግዳ፣
ሁለት ዓመት።

አንድ ቅዳሜ ጎትቼ አወጣሁት።
ከብዱ! የድሮ ዕቃ በክብደቱ አይዋሽም።
ከኋላው ሁለት ቀዳዳ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ።
ቴሌቪዥኑን አዞርኩት፤
ቀይም የለ፣ ነጭም የለ፤
አንዲት የአይጥ በር የምታክል ሽንቁር ብቻ፣
ከውስጧ ቀይ ብርሃን የሚንጠባጠብ።

"አይግባቡም" አለኝ ኩምሳ፣ ታች ኮንቴይነር ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግነው፤
"ያ በቁጥር ያወራል፣ ይኼ ሽማግሌ ቁጥር አልተማረም።
አስተርጓሚ ፈልግላቸው።"
"ከየት?"
"መርካቶ ነዋ! የክብሪት ሳጥን ታክላለች።
ገመዷን ግን እንዳታጥፋት፣ ውስጧ መስታወት ነው በላት።"

በሁለት ታክሲ ሄጄ በአራት ተመለስኩ፤ ዝናብ ነበር።
አባቴ የገመዷን ጫፍ ወደ መዳፉ አስጠጋ፤
ቀይ ነጥብ፣ የምስር ፍሬ ታህል፣ እጁ ላይ አረፈች።
"ድምፁ ይኼ ነው?"
"ይኼ ነው።"
"አይሞቅም" አለ፤ ግን ቶሎ አልመለሰልኝም።

ቀዩን በቀይ፣ ነጩን በነጭ ሰካሁ።
የአምፕሊፋየሩ ቢጫ ዓይን ተገለጠ።
ከስፒከሩ የወጣው ግን
ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚገለበጥ አሸዋ።
ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ አሸዋ።
ከዚያ መብራት ጠፋ፤
አሸዋውም አብሮ።

ማታ፣ መብራቱ ሲመጣ፣ ኩምሳ ሽሮ በተነካ ጣቱ
ሪሞቱን ተቀበለኝ። "ጥፋቱ የሳጥኗ አይደለም፤
ያንተ ቴሌቪዥን በአምስት ቋንቋ ይራቀቅባታል፣
ምስኪኗ የምታውቀው አንድ ነው።"
ሴቲንግ። ድምፅ። ዲጂታል።
"አውቶ" የሚለውን ትቶ "ፒሲኤም" አለው።

መጀመሪያ የመጣው ቃል አልነበረም።
ትንፋሽ ነው።
ዜና አንባቢዋ ከ"ጤና ይስጥልኝ" በፊት የምትስበው፣
ወረቀቱ ሲነካካ፣ ወንበሯ ሲንቋቋ።
አባቴ አንገቱን ዘንበል አደረገ፦
"ይቺ ልጅ ጉንፋን ይዟታል።"
ሁለት ዓመት ሲያያት ኖሮ
ገና አሁን ሰማት።

ወዲያው ግድግዳው ተንኳኳ።
ሪሞቱን አነሣሁ፤ ቀንስ፣ ቀንስ፣ ቀንስ፤
ምንም።
"እሱ ከእንግዲህ አያዝም" ሣቀ ኩምሳ፣
"ድምፁ ወደ ሽማግሌው ተዛውሯል።
መነሣት ነው፤ በእጅ ነው።"

እኔ ሳልነሣ አባቴ ተነሣ።
ሁለት ጣቱን ትልቁ ቁልፍ ላይ አሳረፈ፣
የልብ ትርታ እንደሚቆጥር፤
አላየውም እንኳ፤ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው፤
ቀስ፣ ቀስ፣ እዚህ ላይ።

ደቂቃ ሳይሞላ በራችን ተንኳኳ።
እትዬ ፈለቀች፣ ሻማ በእጇ፦
"ጋሽ ቢረሳው፣ ምነው ቀነሱብኝ?
ከፍ ያድርጉት ብዬ እኮ ነው የመታሁት፤
የእኛ ፌዝ አልመጣም፣
ዜናውን በእናንተ ግድግዳ እየሰማሁ ነበር።"

"ግቢ" አላት። "በቀኝ በኩል ተቀመጪ፣
በግራ ያለው ስፒከር ትንሽ ይነፋነፋል።"
ከዚያ ሞቀው መሰለኝ
ጃኬቱን አወለቀ፤
የሚሰቅልበት ምስማር እንኳ አልነበረንም።