ስምንት፣ አርባ አንድ

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሐዲዱ ዝጎ ከተኛበት፣
አዳማ አቧራዋን ለነፋስ ከምታስረክብበት፣
አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ ከእትዬ ዲንቂቱ ቤት።
መብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ገና ሲያጎነብስ፣
ቁጥሩን ይነግሩታል ከወንበራቸው፣ ዓይኑ ሳጥኑ ጋ ሳይደርስ።
ልጁ ያማትባል። እሳቸው ፓፓያቸውን ይልጣሉ።
ስለ ድሮ ሥራቸው ብጠይቅ፣ «ቴሌ» ብለው ያልፋሉ።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ሙቀቱ ከቤት አስወጥቶን፣
የመጨረሻው ጋሪ ኮቴ በአስፋልቱ ላይ ሲርቀን፣
ሳልጠይቅ ጀመሩ።

«አባቴ ወንጂ ሸንኮራ ይመዝናል፤ ማታ ድምሩን የማርም እኔ፣
እግሬ ከወንበር መሬት ሳይደርስ፣ በኩራዝ ጭስ እየቀላ ዓይኔ።
የሰፈር ሴት ልጆች በወፍ ቋንቋ ሲያሙኝ፣
ሦስት ቀን አዳመጥኩ፤ በአራተኛው በዚያው አፍ ብሰድባቸው፣ ሸሹኝ።

«ከዚያ ቴሌግራፍ። ከዚያ ጦርነት። አንድ ሻምበል
መጥቶ ወሰደኝ፣ ሴት ገብታበት ወደማታውቅ ክፍል።
እርሳስ፣ ማዳመጫ፣ የሚንጫጫ ሬዲዮ፤
ከማዶ አንድ ወንድ፣ ጉንፋን የማይለቀው፣
ሌሊቱን ሙሉ ቁጥር ያነበንባል። በሳሉ ለየሁት፤ መልኩን ሳላውቀው።

«ወንዶቹ ቁልፉን ከራሱ ሲሹ፣ እኔ ጭራውን ያዝኩት፤
የመልእክቱን ሁሉ ማብቂያ ስምንት፣ አርባ አንድ ሆኖ አገኘሁት።
የኛ ሰው ምን ቢደበቅ፣ ቢራቀቅ፣ ቢጠነቀቅ፣
‹ነው› ሳይል ነገሩን አይቋጭ፣ አያርፍ፣ አይለቅ!
ነ ሲገኝ ‹ነገ› ወጣ፤ ‹ነገ› ሲገኝ ሰዓት፤ ሰዓት ሲገኝ ተራራ፤
ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱ ፊደል እጄ ገባ በየተራ።

«ሻምበሉ ጨበጠኝ። ደሞዝ ጨመሩ። ወረቀት የለም፣ ስም የለም።
የፈታሁት ከዚያ ክፍል ወጥቶ የት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም።

«ኅዳር ላይ ያ ጉንፋናም ድምፅ ቀረ።
የማላውቀው ልጅ፣ እየተንተባተበ፣ ቁጥሩን ጀመረ።
አጭር መልእክት። የሰው ስም፣ የአባት ስም፣ ‹ጓዳችን›…
እርሳሴ ልማዱን ቀድሞ አርባ አንድን ሊጽፍ ሲቸኩል፣
ስምንት አለ። ቆመ።
ስልሳ።
መቶ ሁለት።
ነ። በ። ር።»

ቢላዋውን በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉ።
ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ መብራት መጣ፤
ግድግዳው ላይ ቆጣሪው ከእንቅልፉ ወጣ።
«ለሻምበሉ ምን ብለው ጻፉ?» አልኳቸው።
ፓፓያውን ለሁለት ከፈሉት፤ ጥቁር ፍሬው ፈሰሰ ከእጃቸው።
«ያቺን ብቻ፣» አሉ፣ «‹አልተፈታም› ብዬ።»