ሰሙን መግፈፍ

በፔካሎንጋን፣ በጃቫ ሰሜን ባሕር አፋፍ፣
ሰም ቀልጦ በጨርቅ ላይ ሲጻፍ፣
ጨርቁም በቀለም ጋን ሲዘፈዘፍ፣
እኔ ከሰፈሩ ጀርባ ሙዝ ቆራጭ ነኝ፤
ፍሬውን ይሻሙኛል፣ ግንዱን ማንም አይገዛኝ።
ሙዝ አንድ ጊዜ ነው የሚያፈራ፤
ቆርጬ እጥለዋለሁ፣ ይበሰብሳል ከወንዙ ጋራ።

ወንዙንማ አትጠይቁኝ።
ማክሰኞ ቀይ ነው፣ ሐሙስ ወይን ጠጅ፤
ሠርግ ሲበዛ ቡኒ ያወርዳል በየደጅ።
የከርሞውን ፋሽን ማወቅ የሚሻ ነጋዴ
ድልድዩ ላይ ይቁም፤ ወንዙ ይነግረዋል ባንዴ።
ዓሣው ከሄደ ቆይቷል፤
ልጄ የሚያውቀው ዓሣ ገበያ በረዶ ላይ ተኝቷል።

ወኒንግ የምትባል ልጅ መጣች አንድ ጠዋት፤
ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ በእጇም ቢላዋ አላት።
«ግንዱን በስንት ትሸጠዋለህ?»
ሳቅሁ።
«ቆሻሻ ነው፤ ውሰጂው» አልኳት፣ «በነጻ!»
እሷም፦ «ቆሻሻስ በቆሻሻ ቢነጻ?»

ላጠችው፣ ቀጠቀጠችው፣ በአመድ ውሃ ቀቀለችው፤
ነጭ ገንፎ እስኪመስል አጠበችው፣ ጨመቀችው፤
በመስታወት ላይ ዘረጋችው፣ ስስ፣ እንደ ሽንኩርት ገለፈት፣
ዓይን የማያያት ቀዳዳ የሞላት ወንፊት፤
ውሃውን «እለፍ»፣ ቀለሙን «ቁም» የምትል ዘበኛ፤
በወረቀት ላይ እንዲህ ነበር ያሳየችን ለኛ።

የመጀመሪያዋ ተቀደደች።
ሁለተኛዋ ሸተተች።
ሦስተኛዋ ጸናች፤ ግን አንድ ሰዓት ሳትሞላ
ታፈነች፤ ጠብታም አልወጣት ከዚያ በኋላ።
ወኒንግ ከጋኑ ጥግ ቁጭ አለች፤
አላለቀሰችም፣ ጥፍሯን ትነክስ ነበር እንጂ።

ይኼኔ ካርሲናህ፣ እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ፣
ቀለም ያልቆጠረች፣ ግን ሠላሳ ዓመት ቀለም የነከረች፣
መጣች፤ ዘበኛይቱን በጥፍሯ ፋቀች፤
አሸተተች፤ ሳቀች።
«ሰም ነው እኮ ልጄ! ሰሙ ነው ያፈናት፤
ጨርቁን ስንቀቅል የቀለጠውን፣ ትኩሱን አጠጣሻት።
ውሃው ይደር። ሰም ሲቀዘቅዝ ይንሳፈፋል፤
በጭልፋ ይገፈፋል።
ከሥሩ ያለውን ስጫት፤ እሱ ነው የሷ ድርሻ።»

አደረ።
ሌሊቱን ሰሙ ከላይ ረጋ፣ እንደ ሞራ፤
ማለዳ ገፈፍነው፤ እኔም ገባሁ ባልተጠራሁበት ሥራ።
ከዚያ፣
ጠብ።
ቆይቶ ደግሞ፣ ጠብ።
አንድ ብርጭቆ እስኪሞላ እስከ እኩለ ቀን ቆየሁ፤
ወደ ፀሐይ አነሣሁት፤ በመሃሉ የልጄን ፊት አየሁ።
«እንዳትጠጣው!» አለች ወኒንግ፤ «ለማጠቢያ ነው ገና።»
ካርሲናህ ነጭ መሐረብ ነከረችበት፤ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ በደህና።

ዘበኛይቱን ከክፈፏ ሲፈቷት ግን
ማክሰኞም ሐሙስም ታትመዋል በፊቷ፣
ቀዩ፣ ወይን ጠጁ፣ ቡኒው፣ ያገር ቀለም በቁርበቷ።
ካርሲናህ አገላበጠቻት። «ያለ ሰም» አለች፣ «ይኼን ማን ጻፈው?»
ወስዳ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው።

ወንዙ? ዛሬም ቀይ ነው፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል?
ሰፈሩ ሦስት መቶ ጋን አለው፤ እኛ አንድ ይዘናል።
ግንዱን ግን አልጥልም። ከጥላው ደርድሬ፣
እርጥብ ጆንያ አልብሼ አኖረዋለሁ፣ እስከ ዛሬ።

ወኒንግ በእኛ ቋንቋ «የጠራ» ነው ፍቺው።
ማታ ማታ ከልጄ ጋር ድልድዩ ላይ ስንቆም
እጄን ይጎትታል፦
«አባዬ፣ ወንዙ መቼ ይጠራል?»
«ዝም በል፣ ስማ» እለዋለሁ።
«ይጠራል።»